ክረምት ወጥቶ ቡና እስኪደርስ

(በቦንጋ ዙሪያ ለባልትና ማኅበር እናቶች የተደረገ ንግግር)



  እኛ ከጤና ኮሌጅ በዲፕሎማ ከወጣን ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ እናንተ ግን አምስትና ስድስት ልጅ ያሳደጋችሁ ናችሁ። ስለዚህ ባልትና እናስተምራችኋለን ብለን አልመጣንም። እንሰት አፋፋቁንና ቆጮ አቀባበሩን እኛ ከእናንተ ብንማር ይሻለናል። የመጣንበት ጉዳይ አንድ ነው፤ እርሱም ቡና ለቀማ ስትወጡ ቤቱን ማን ይረከባል የሚለው ነው።

ይህን ወቅት አንዳንዱ መፀው አንዳንዱም ጸደይ ይለዋል፤ የስሙን ክርክር ለሊቃውንት እንተወው። በሌላው አገር መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ቶሎ ይጠፋል፤ በእኛ በከፋ ግን ሰማዩ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ በጥቅምትም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ደመናው ይመጣል። ቢሆንም ዋናው ክረምት አልፏል፤ መንገዱ መጠንከር ጀምሯል፤ የጓሮው ጎመን አድጓል፤ ቡናውም በጫካው ውስጥ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ እየተለወጠ ነው። እንግዲህ እጃችሁ ትንሽ ነፃ የሚሆነው በእነዚህ ጥቂት ሳምንቶች ብቻ ነው። ፍሬው ከቀላ ወዲያ እስከ ታኅሣሥ ድረስ እናት ቤት አትውልም። ዛሬ ያልተለቀመው ነገ ይረግፋል፤ ጦጣውና ዝንጀሮውም አይጠብቅም። ስለዚህ ቤቱን ማዘጋጀት የሚገባው አሁን ነው።

አንድ ነገር እንንገራችሁ። ዓመቱንና ቀበሌውን አንጠቅስም፤ የቤተ ሰቡን ሐዘን እንዳንቀሰቅስ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ አንድ አባትና አንዲት እናት የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ወንድ ልጅ በጋቢ ጠቅልለው ወደምንሠራበት ጤና ጣቢያ አመጡ። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ የሆዱን ቆዳ ብንቆነጥጠው እንደ ተቆነጠጠ ይቆያል እንጂ አይመለስም። ከጧት ጀምሮ ተቅማጥ ሲያጣድፈው ውሏል። እናቲቱ ቡና ስትለቅም ውላ ማታ ስትመለስ ነው ያየችው። ቀኑን ሙሉ የያዘችው የዘጠኝ ዓመት እኅቱ ናት። ግሉኮስ በደም ሥሩ ለመስጠት ሞከርን፤ በአፍንጫውም ቱቦ አስገባን፤ አልሆነም። ሌሊቱን ዐረፈ።

እናትና አባት ሲያለቅሱ እኅቲቱ ከበሩ ሥር ቆማ ነበር። ቀስ ብላ ወደ እኛ ጠጋ አለችና፣ «ወደ ጀሪካኑ እየጠቆመ ያለቅስ ነበር። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውኃ ከጠጣ ይብስበታል ስለ ተባልኩ ከለከልኩት። ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር?» ብላ ጠየቀችን። እኛም የመለስንላት መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። «ይልቅ ሂጂ ተኚ፤ አንቺ ልጅ ነሽ» ነው ያልናት።

ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። የእናቲቱም አልነበረም፤ እርሷም ብትሆን ለልጇ የነገረቻት ከራሷ እናት የሰማችውን ነው። ጥፋት ከተባለ የእኛም አለበት። በዚያው ሰፈር ሦስት ጊዜ ስለ ንጽሕና ተናግረን ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ የተናገርነው ለእናቶች ነው። ቀን ቀን ሕፃኑን አዝላ ለምትውለዋ ልጅ ግን አንዲት ቃል አልነገርናትም። ከዚያ ወዲህ ንግግራችን እንደ ወትሮው ከመጸዳጃ ቤት አይጀምርም፤ ከዚያች ልጅ ነው የሚጀምረው።

እንግዲህ ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው እንዴት ነው? የሚገድለው በአብዛኛው ከሰውነቱ ውኃውንና ጨውን ጠርጎ በማውጣት ነው። ስንጥቅ ያለበትን እንስራ አስቡት። ከሥር ያንጠባጥባል ብለን ከላይ መጨመሩን ብንተው ባዶውን ይቀራል። ስንጥቁ እስኪደፈን ድረስ እየጨመርን ማቆየት አለብን። «ሲጠጣ ይብስበታል» የተባለው ከየት መጣ ብትሉ፣ ሕፃኑ ጠጥቶ ጥቂት ቆይቶ ሲያስቀምጠው እናት ታያለችና ነው። ያየችው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጠጣው ውስጥ ብዙው በሰውነቱ ይቀራል፤ ሕይወቱን የሚያቆየው ያ የቀረው ነው።

ለዚህ የተሠራው መድኃኒት በጤና ኬላም በጤና ጣቢያም የምታገኙት ኦአርኤስ የሚባለው የፓኬት ዱቄት ነው፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም ይሉታል። አበጣጠሩ ቀላል ነው፤ ሆኖም በልክ መሆን አለበት። በመጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ሳሙና ከሌለ በአመድና በውኃ። ቀጥሎ 1 ሊትር ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በጣሳ ወይም በማሰሮ ማድረግ። ሊትሩን በግምት አትውሰዱት፤ በየሱቁ የሚሸጠው የታሸገ ውኃ ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ ባዶው ለመለኪያ ይሆናል። ከዚያ የፓኬቱን ዱቄት አንድም ሳይቀር መገልበጥና እስኪሟሟ ማማሰል። ስኳር አይጨመርበትም፤ ከተበጠበጠም በኋላ አይፈላም። ከፓኬቱ ግማሹን ለነገ ብሎ ማስቀረት አይገባም። ውኃው ካነሰ ጨዉ በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ውኃው ከበዛም አይረዳውም። ክዳን አድርጎ ማስቀመጥና የተረፈውን ከ24 ሰዓት በኋላ መድፋት ነው።

አሰጣጡ ደግሞ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ስኒ ያህል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ሁለት ስኒ ያህል በትንሽ በትንሹ በማንኪያ መስጠት። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቆ እንደገና ከበፊቱ ይልቅ ቀስ አድርጎ መስጠት ነው። አንዳንዷ እናት «አስመለሰውኮ፣ አልፈለገውም» ብላ ትተወዋለች፤ እንደዚያ አይደረግም። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አይከለከልም፤ እንዲያውም ይጨመርለታል። ከጤና ኬላው ከኦአርኤሱ ጋር የዚንክ ፍሬ ይሰጣችኋል። ይህ ለ10 ቀን በየቀኑ ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች ለሆነው ግማሽ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው አንድ ሙሉ። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም እስከ አሥረኛው ቀን ይቀጥላል።

ነገር ግን ሕፃኑ ከደከመና ካንቀላፋ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም በተቅማጡ ደም ከታየ ቤት ማቆየት የለም። ኦአርኤሱን በመንገድ እያጠጣችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሩጡ። ልጅቷም ይህን ስታይ እስከ ማታ እናቷን መጠበቅ የለባትም። ለማን ትጮሃለች? የትኛው ጎረቤት ቤት ይውላል? ይህን ከጧቱ ንገሯት።

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ መድኃኒት ልትሰጥ?» የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ እናነባለን። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት፣ «ዶክተር፣ እኔ ራሴ አልለካው፣ እሷ እንዴት ትለካዋለች?» አለችን። (ዶክተር አይደለንም፤ ስንት ጊዜ ተናግረን ሰሚ አጣን።) ለእርሷ የመለስነውን ለእናንተም እንመልሳለን። በ1993 ዓ.ም. ወንዝ ዳር ላለው የዓይን አሳዋሪና የቆዳ አሳካኪ በሽታ ሜክቲዛን የተባለው መድኃኒት በከፋ መታደል ሲጀምር ያደለው ማን ነበር? ሐኪም አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ከመካከሉ መርጦ ያወጣቸው ገበሬዎችና እናቶች ናቸው። ስንት ፍሬ እንደሚገባው የሚያውቁት ሰውየውን በምልክት ዱላ አጠገብ አቁመው ቁመቱን በመለካት ነው። ዱላው ልክ ከሆነ ሥራው ልክ ነበር። የእኛም ጠርሙስ እንደዚያ ዱላ ነው።

ከዚህ ራቅ ያለ ምሳሌም እንጨምር። በ1963 ዓ.ም. ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽቶ ወደ ሕንድ በገባው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ተነሣ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ ሐኪም በቦንጋዎን መጠለያ ሲሠሩ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀባቸው። ያን ጊዜ ጨውና ስኳር በልክ በውኃ አስበጥብጠው በበርሜል አስቀመጡ፤ ከበርሜሉም እየቀዱ የሚያጠጡት የበሽተኞቹ እናቶች፣ አባቶችና እኅቶች ሆኑ። ከመቶ ታማሚ ሠላሳ ያህል ይሞት የነበረው ከአራት በታች ወረደ። ኦአርኤስን ለዓለም ያስመሰከረው ይህ ነው፤ አጠጪው ቤተ ሰብ ነበር።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ፤ ኦአርኤሱ የሚበጠበጠው በውኃ ነውና። በመጀመሪያው ዓመታችን በየሄድንበት «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» ስንል አንዲት ባልቴት፣ «አይ ልጄ፣ እንጨቱን አንተ ትሸከምልኛለህ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እውነታቸውን ነው። እንጨት ተሸክማ የምትመጣ ሴት ለቆጮውም ለወጡም ለቡናውም ያቺኑ እንጨት ነው የምታብቃቃው። ስለዚህ አሁን የምንለው እንዲህ ነው፦ የሁሉን ሰው ውኃ ማፍላት ካልተቻለ ቢያንስ የሕፃናቱን ውኃ ለይታችሁ አክሙት። ውኃ አጋርን የመሰለ የውኃ ማከሚያ ክሎሪን ስታገኙ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውኃው ደፍርሶ ከሆነ አስቀድሞ እንዲጠል ትቶ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ማጥለል ያስፈልጋል፤ ድፍርሱ መድኃኒቱን ይበላዋልና። የምታፈሉ ከሆነ ደግሞ ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ሲቆይ ይበቃል፤ ሰዓቱን ሙሉ ማንፈቅፈቅ እንጨት ማባከን ነው።

በዚህ ላይ ሳናስተምራችሁ የምታውቁት አንድ ነገር አለ፤ ጨሞ ነው። የቡናውን ቅጠል ከቅመሙ ጋር ስታፈሉት ውኃው አብሮ ይፈላል። ታዲያ ለጨሞ ጀበና ስትጥዱ አጠገቡ አንድ ማሰሮ የሕፃናት ውኃ ብትጥዱ እሳቱ ያው አንድ እሳት ነው። ይህን የነገረችን በዚሁ ቀበሌ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ንግግራችንን ወደ ካፊ ኖኖ የምትመልሰውም እርሷ ናት፤ እኛ በሩብ ሰዓት የምንለውን እርሷ በሁለት ደቂቃ ትጨርሰዋለች፤ ሰውም የሚስቀው ያን ጊዜ ነው። ለጨሞ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ ነፍሰ ጡር ሴት ከምግብ ጋር አብራ አትጠጣው። ጨሞም ሆነ ቡና ከጎመኑና ከባቄላው የምናገኘውን የደም ማበልጸጊያ ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ይይዘዋል። ከበላች አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቆይታ ብትጠጣ ይሻላል።

ጀሪካኑን ደግሞ ተመልከቱት። ክረምቱን ሙሉ ሳይታጠብ ከርሞ ውስጡ አረንጓዴ አልለበሰም? እጅ ስለማይገባ እንዴት ይታጠብ ትሉ ይሆናል። አንድ እፍኝ ጠጠርና ትንሽ አሸዋ ከሳሙና ውኃ ጋር ጨምራችሁ ክዳኑን ገጥማችሁ አጥብቃችሁ ናጡት፤ ጠጠሩ እንደ እጅ ሆኖ ይፍቀዋል። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ነው። ይህ ለልጆች ጨዋታ ይሆንላቸዋል፤ እናንተ አትድከሙበት።

ምንጩም የሚጠረገው አሁን ነው። ክረምቱ ከላይ ያወረደውን ጭቃና ቅጠል አውጥቶ፣ ጎርፉ እንዳይገባበት ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሮ፣ ከብት እንዳይገባ በእሾህ ማጠር ነው። ይህ የአንድ ቤት ሥራ አይደለም፤ በዳዶም በሉት በደቦ ወንዶቹን አስወጥታችሁ በአንድ ቀን የምትጨርሱት ነው። መጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና ከምንጩ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። በቡና ለቀማው ወራት ደግሞ አንድ የሚጨመር ጥንቃቄ አለ። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ካለበት ወንዝ ከጣቢያው ታች አትቅዱ። የእሸት ቡናው ገለፈትና ጭማቂ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ውኃው ይጠቁራል፤ ይሸታል። አክሞም ቢሆን ለመጠጥ አይሆንም፤ ክሎሪኑም አያጠራውም። ጣቢያው ካለበት በላይ ቅዱ፤ አለዚያም ለቀበሌው አመልክቱ።

ሁለተኛው ነገር እሳቱ ነው። እናት ስትወጣ ፍሙን በአመድ ዳፍና ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ በቶሎ እንድታቀጣጥለው ነው። ለእናት ይህ ብልኀት ነው፤ መዳኽ ለጀመረ ልጅ ግን አመዱ ሜዳ ይመስለዋል። ስለዚህ በምድጃው ዙሪያ ከጉልበት በላይ ከፍ ያለ የጭቃ መከለያ ሥሩ፤ ጭቃው ዛሬ ቢመረግ ቡናው እስኪደርስ ይደርቃል። የሚቻለው ደግሞ ምድጃውን ራሱን ከመሬት ከፍ ቢያደርገው ለእናቲቱም ወገብ ደግ ነው፤ ጪሱ መውጫ እንዲያገኝም ከምድጃው በላይ ቀዳዳ ይከፈትለት። ጪስ የሕፃናትን ሳንባ ምች ያብሳል፤ ሕፃን አዝሎ ምድጃ ላይ ማጎንበስ ይቅር።

ልጁ ከተቃጠለስ? ልጅቷ ይህንንም ትወቅ። ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል በቁስሉ ላይ ማፍሰስ፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ቅቤ አይቀባም፤ እንቁላል አይቀባም፤ የቡና ዱቄትም አይነሰነስም። ቡናን እኛም እንወዳለን፤ ቦታው ግን ስኒው ነው።

ነጭ ጋዝና የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ የምታስቀምጡ ካላችሁ ዛሬውኑ ከሕፃናት እጅ አርቁት። ልጅ ጠርሙሱን ሲያይ የሚያስታውሰው ለስላሳውን ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ አናወራም፤ ያየነውን አይታችሁ ቢሆን እናንተም ባላወራችሁ።

መጸዳጃ ቤቱንና እጅ መታጠቢያውን ዘንድሮ ባጭሩ እናልፈዋለን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት በየቤታችሁ እየገቡ ሲናገሩት ኖረዋልና። አንድ ነገር ብቻ፦ የከፋ ዝናብ ጉድጓዱን ይንደዋል፤ ክዳኑንም ያበሰብሰዋል። ሕፃን የሚወድቅበት እንዳይሆን ወለሉን መርምሩ፤ የበሰበሰውን እንጨት ቀይሩ፤ ቀዳዳውን ክደኑ። እጅ መታጠቢያ ለማበጀት 5 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አንገቱ አጠገብ በትንሹ በስታችሁ በሁለት ባላ መካከል አንጠልጥሉትና ከአፉ በገመድ አንድ ዱላ እሰሩለት። ልጅቷ ዱላውን በእግሯ ስትረግጠው ውኃው ይፈስሳል፤ የቆሸሸ እጅም ጀሪካኑን አይነካውም። የቡናው ገለፈት ከቤት አጠገብ ተከምሮ ዝንብ እንዳይጠራ ከጓሮ አርቃችሁ ቅበሩት፤ ውሎ አድሮ ለእንሰቱ ማዳበሪያ ይሆናል። ዝንቡ ከገለፈቱ ተነሥቶ የሚያርፈው በሕፃኑ ዓይን ላይ ነው፤ ፊቱ ጧትና ማታ ከታጠበ ግን አያርፍበትም፤ የትራኮማም መከላከያ አንዱ ይህ ነው።

ወባን አትርሱ። ቦንጋ ደጋ ናት፤ ወባ የለም የሚል ሰው አለ። ወባ የጎጀብ ሸለቆ ብቻ በሽታ አይደለም፤ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው አገር ሁሉ ይደርሳል። የሚበረታውም ዝናቡ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ እናንተ ለቀማ ላይ ስትሆኑ ነው። ባሎቻችሁ ቡናውን ለመጠበቅ ጫካ ሲያድሩ አጎበር ይዘው ይሂዱ፤ የቤቱንም ወስደው ሕፃናቱን ባዶ እንዳያስቀሩ። በአንድ ግቢ ውስጥ አጎበር ከአልጋ ላይ ወርዶ የቡና ማድረቂያ ሆኖ አይተናል። ቡናው ባማረ ሁኔታ ደርቆ ነበር፤ ሦስት ልጆች ግን በወባ ተኝተዋል። ልጅ ትኩሳት ሲይዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ወስዳችሁ በደም አስመርምሩት።

ስለ ምግብ፣ ስትወጡ ለልጆቹ የምትተዉት ቆጮ ብቻውን ከሆነ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አያሳድግም። ጎመን፣ ባቄላ፣ አይብ፣ ዶሮ ካለም እንቁላል ይጨመርበት። እንቁላሉን ሁሉ ወደ ገበያ አትላኩት፤ ከአምስቱ ሁለቱ ቤት ይቅሩ። የጧቱ ገንፎ ለከሰዓት በኋላ ሲተርፍ ሳይሞቅ እንዳትሰጠው ለልጅቷ ንገሯት። አገራችን የማር አገር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ማር ይቀርባል፤ ሕፃን ሲወለድም ማር የሚያልሱ አሉ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በፍጹም አይሰጥም፤ በውስጡ ለአዋቂ ሆድ ምንም የማይሆን፣ የሕፃንን ሰውነት ግን የሚያሽመደምድ ረቂቅ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። እስከ 6 ወር ድረስ ደግሞ ከእናት ጡት በቀር ቅቤም ውኃም የለም፤ ሲታመም ከሚሰጠው መድኃኒትና ኦአርኤስ በቀር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሸክም በአንዲት ልጅ ላይ ጫናችሁ እንዳትሉን። እኛም እንደ እናንተ ያሳስበናል። ልጅቷ ቡና በደረሰ ቁጥር ከትምህርት ቤት የምትቀር ከሆነ በታኅሣሥ ፊደሉ ይጠፋባታል። ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የምትቀራረቡ አምስት ወይም ስድስት ቤቶች ተቧደኑ። በየቀኑ አንዷ እናት በተራ ቤት ትዋል፤ የሁሉን ሕፃናት በአንድ ግቢ ሰብስባ ትጠብቅ። ሌሎቹም የእርሷን ድርሻ ቡና ለቅመው ያምጡላት። እንሰት በአንድነት ትፍቃላችሁ፤ ቤት ሲሠራ በአንድነት ትወጣላችሁ፤ ሕፃን መጠበቁም እንደዚያው በዳዶ ቢሆን ምን ይከለክላል? በአንድ ሰፈር ጀምረውት አንዷ እናት ተራዋን ዘልላ ጠብ ተነሥቶ ነበር፤ ሽማግሌ ገብቶ አስታረቀና ቀጠሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ተራው በደረሰባት እናት ቤት ኦአርኤሱ፣ ጠርሙሱና ስኒው በአንድ ፌስታል ታስሮ ከምሰሶው ላይ ይንጠልጠል፤ እርጥበት አይንካው። ወንድ ልጆቻችሁም ይማሩት፤ ወንድ ልጅ ስኒ መያዝ አያቅተውም።

ከቡናው ገንዘብም የመጀመሪያው ሲገባ ሳሙና፣ የውኃ ማከሚያና ለልጆች ጫማ ከቆርቆሮውና ከስልኩ በፊት ይታሰብ። ይህን ለባሎቻችሁ እኛ ራሳችን እንድንነግርላችሁ ከፈለጋችሁ እሑድ ዕለት ዕድር ላይ እንመጣለን፤ ቀኑን ንገሩን።

የሚቀጥለው ስብሰባችን ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ በዚሁ ቤት ነው። እያንዳንዷ እናት ባዶ ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ፣ አንድ የቡና ስኒና አንድ ማንኪያ ይዛ ትምጣ። ከእርሷም ጋር ለቀማ ስትወጣ ቤቱን የምታስረክባትን ልጅ ታምጣ። ትምህርት ቤት ከሆነች ብለን ስብሰባውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አድርገነዋል። ኦአርኤሱን እኛ እናመጣለን። ያን ቀን ልጆቹ ራሳቸው ይበጠብጡታል፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ቡና ትጠጣላችሁ።